ያልተከፈተው ቴሌቪዥን

በአንድ ወቅት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት ይሁን ዘጠኝ አሁን በእርግጠኝነት መናገር ያቅተኛል፣ በደብረ ሲና ከተማ ከዋናው መንገድ በላይ ባለው ዳገት ላይ ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ይህን ስጽፍ ልሳሳት እችላለሁ፤ ቀኑን፣ የማን ቃል ከማን ቀድሞ እንደተነገረ፣ የቴሌቪዥኑን ስፋት። ያልሰማሁትን ግን አልጨመርሁም። አብዛኛውን የሰማሁት ከሦስቱ ልጆቻቸው አፍ ነው። ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ፤ ይህ ነገር በኋላ ስለሚያስፈልግ ከአሁኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

ባላቸው አቶ ወንድይፍራው የመንገድ ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣርማ በር ዳገት ላይ አካፋ ይዘው የመንገድ ዳር ቦይ ሲጠርጉ፣ ክረምት የናደውን አፈር ሲያነሱ ኖሩ። ቤታቸውንም በገዛ እጃቸው ሠሩት። ዳገቱን ቆርጠው፣ እንጨት አቁመው፣ ማገር መትተው፣ ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው መረጉት። የቤቱ አንዱ ግድግዳ ወደ መንገዱ ያያል፤ በሩም በዚያ በኩል ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ደግሞ ለተራራው ጀርባውን የሰጠ ነው። በግድግዳውና በተራራው መካከል አንድ ሰው በጎኑ ሆኖ የሚያልፍበት ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ውስጥ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ አለ። አቶ ወንድይፍራው በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ እዚያ ገብተው ቦዩን ይጠርጋሉ። ማንም አግዟቸው አያውቅም። ሲጨርሱ እጃቸውን በሱሪያቸው ይጠርጉና በተራራው ግድግዳ ሥር ባለው መደብ ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው ይቀመጣሉ።

በጥቅምት ወር ሞቱ። እድራችን ቀበራቸው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለነበርሁ ስማቸውን ከመዝገብ የሰረዝሁት እኔ ነኝ።

ሦስት ልጆች ትተዋል። የመጀመሪያው አበጋዝ አናጢ ነው፤ በጆሮው ይታወቃል። ግድግዳ በጣቱ አንጓ አንኳኩቶ እንጨቱ የት እንደቆመ፣ የቱ ጤነኛ የቱ የበሰበሰ እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው መክብብ ናዝሬት ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ይሠራል፤ በእጁ ይታወቃል። ያሰበውን ሳይጨርስ እጁ ይጀምራል። ሦስተኛዋ ትርንጎ እዚሁ ከተማ ልብስ ሰፊ ናት፤ በዓይኗ ትታወቃለች። የተዛነፈ ስፌት ከደጃፍ ቆማ ታያለች።

ከለቅሶው በኋላ ወይዘሮ አሰለፈች ከቤት አልወጣ አሉ። መክብብ በስልክ ይጠይቃል።

«እማዬ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለች?»

«ግድግዳ ስታይ» ትለዋለች ትርንጎ።

«ታዲያ የሚታይ ነገር ያለበት ግድግዳ እንስጣታ!»

በግንቦት ወር ፈቃድ አገኘና ትልቅ ጠፍጣፋ ካርቶን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መጣ። ዳገቱን እሱና አበጋዝ ከፊትና ከኋላ ይዘውት ሲወጡ እናታቸው ከበር ላይ ሆነው አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቴሌቪዥን ነው እማዬ።»

«ለሁለት ተሸክማችሁት ስትመጡ ሬሳ ሳጥን መስሎኝ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

ሳቁ ይባላል። እኔ ብሆን አልስቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ሐዘን ያለበት ቤት ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ራዲዮም ቴሌቪዥንም አይከፈትም። ያለውም በነጠላ ይሸፈናል። ወይዘሮ አሰለፈች በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር።

«ጥቅምት ሳይደርስ ቤቴ ውስጥ ዘፈን አይከፈትም» አሉ።

«አይከፈትም እማዬ። ግን ፈቃዴ ያልቃል፤ ሌላ ጊዜ መምጣት አልችልም። ሰቅዬልሽ ልሂድ፣ በጥቅምት ራስሽ ትከፍቺዋለሽ።»

«መስቀሉን ስቀሉት። የሚከፍተውን ሰው ግን ከልጆቼ አልቆጥረውም።»

መክብብ በተራራው ግድግዳ ላይ፣ ከመደቡ በላይ ሊሰቅለው ፈለገ። ሶኬቱም እዚያ ነው፤ የመስኮቱ ብርሃንም አያንጸባርቅበትም። ትራፓኖውን አውጥቶ ሊበሳ ሲል አበጋዝ «ቆይ» አለው። እዚህ አገር በጭቃ ግድግዳ ላይ ቡሎን የሚይዘውን የፕላስቲክ ፊሸር ቢመቱበት አይዝም፤ ጭቃው ተፈርፍሮ ይወድቃል። ቋሚውን እንጨት ማግኘትና ቡሎኑን እሱ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። አበጋዝ ጆሮውን አስጠግቶ አንኳኳ። ድምፁ አልተመለሰም። ወደ ውስጥ ተዋጠ።

«እዚህ አይሰቀልም» አለ።

«ለምን?»

«ድምፁ ደስ አላለኝም።»

«አንተ ቴሌቪዥን ልትሰቅል ነው ወይስ ግድግዳ ልትመርቅ?» አለ መክብብ። ግን ታላቁ ስለሆነ ታዘዘው።

ወደ መንገዱ ግድግዳ ዞሩ። አበጋዝ ከበሩ አጠገብ ጀምሮ እያንኳኳ ሄደ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሙሉ ድምፅ ሰጠው። እርግጠኛ ለመሆን ሦስት ጊዜ መታ።

ከኋላቸው፣ ከተራራው ግድግዳ፣ ሦስት ጊዜ ተመታ።

ትርንጎ በአፏ መርፌ ይዛ ነበር፤ መርፌው ከአፏ ወደቀ። መክብብ «አይጥ ነው» አለ። ወይዘሮ አሰለፈች ግን ቀና ብለው፣ ከሥራ የዘገየ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው፣ «ክፈቱለት እንጂ» አሉ።

በዚያ በኩል በር የለም። ተራራ ነው።

አበጋዝ እንደገና አላንኳኳም። ምልክት አደረገ፣ መክብብ በሳ፣ ትርንጎ ውሃ ልኩን አስቀምጣ «በግራ ትንሽ ዝቅ» እያለች አስተካከለች። ብረቱ በአራት ቡሎን ታሰረ። ቴሌቪዥኑን አነሱትና ሰቀሉት። ቀጥ ብሎ፣ ጠቁሮ ተሰቀለ። ከመደቡ ትክክል ፊት ለፊት ነበር። መክብብ ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው፤ ገመዱንም አልሰካውም።

ግንቦት ተጋምሶ ነበር። ሦስቱም ለአንድ ቀን ሙሉ ስለ ግድግዳ ሲነጋገሩ ዋሉ። ከቤቱ ጀርባ የዞረ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

በሰኔ ወር የእድሩን ስብሰባ ቀን ልነግራቸው ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ቤት ወጣሁ። ጉም ወርዶ ስለነበር በሩን በእጄ እየዳበስሁ ነው ያገኘሁት፤ ጊዜው ግን ገና አምስት ሰዓት፣ ቀን ነው። እሳቸው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰፊውን መደብ ትተው፣ እኩሌታ ገላቸው አየር ላይ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ጠርዝ ላይ? ይወድቃሉ እኮ» አልኋቸው።

«ሰው ሲቀመጥ ቦታ አይለቀቅለትም እንዴ አቶ ልሳኑ?»

ለእኔ ያሉ መሰለኝና አመስግኜ ሄጄ ተቀመጥሁ።

«ኧረ እዚያ አይደለም! ይነሱ፣ ይነሱ! እላዩ ላይ ተቀመጡበት!»

ተነሣሁ። የት እንደምቆም ጠፋኝ። ዓይናቸውን ባይ በቴሌቪዥኑ ጥቁር መስታወት ላይ ነው። ልዋሽ አልፈልግም፤ እኔ ወደ መስታወቱ ቀና ብዬ አላየሁም። መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርሁ። እስክወጣ ድረስ ስጠርግ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በረታ። አበጋዝ ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የቤት ግንባታ ሥራ ይዞ ነበር። ትርንጎ እናቷ ምግብ መቀነሳቸውን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን ይዛ አብራቸው ልትቆይ ገባች። የሚቀጥለውን የነገረችን እሷ ናት፤ ስትነግረንም ቃሏን አልለወጠችም።

በመጀመሪያው ቀን ከእናቷ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጣ ክር በመርፌ ስታስገባ ቀና አለች። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ቤቱ በሙሉ ይታያል። ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ መደቡ። መደቡ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ወደ ጎኗ ዞረች፤ በእሷና በእናቷ መካከል ባዶ ቦታ ነው። እንደገና መስታወቱን አየች። በመካከላቸው አባቷ ጋቢያቸውን ለብሰው የገዛ እጃቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። አፏን ስትከፍት እናቷ ክንዷን ያዟት።

«ዝም በይ። ከጮኽሽ ይደነግጣል።»

ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች፤ አንድ ስፌት አልሰፋችም።

በሁለተኛው ቀን በመስታወቱ ውስጥ አባቷ ተነሥተው ቆመዋል። ጋቢያቸውን አውልቀው መደቡ ላይ አጥፈውታል። ፊታቸውን ወደ ተራራው ግድግዳ አዙረው ሁለት መዳፋቸውን ለጥፈውበታል። እናቷ በዚያ ቀን ከመደቡ አልነሣም፣ እህልም አልቀምስም አሉ። ትርንጎ ለመክብብ ደወለች።

«እማዬ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሣ አለች።»

«ከፈታችሁት እንዴ?»

«አልተከፈተም።»

«ታዲያ ምን ታያለች?»

«ብቻ ቶሎ ና» አለችው ትርንጎ። መክብብ «ነገ በጠዋት ተነሥቼ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን አባቷ ጉልበታቸውን አጥፈው በትከሻቸው ይገፉ ነበር። የተበላሸ መኪና ዳገት ላይ ይዞ እንደቆመ ሰው እግራቸው ወለሉ ላይ ይንሸራተታል፤ መልሰው ይተክሉታል፤ እንደገና ይንሸራተታል። ድምፅ ግን የለም። ትርንጎ ያን ጊዜ ወደ እውነተኛው ግድግዳ ዞራ፣ መዳፋቸው ባለበት ቦታ ላይ መዳፏን አኖረች። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ከእጇ ሥር ወደ እሷ ገፋ፣ ተመለሰ፣ ገፋ። እንደ ሰው ደረት።

«እማዬ፣ ተነሺ! ግድግዳው ሊወድቅ ነው!»

«አይወድቅም። ይዞታል።»

«እስከ መቼ ነው የሚይዘው?»

«እኔ እዚህ እስካለሁ።»

«እማዬ፣ በእመቤቴ ተነሺ!»

«እሱ ቆሞ እኔ ልውጣ? አርባ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬ ሸክም ላይ ጥዬው ልውጣ? አንቺ ከፈራሽ ውጪ።»

ትርንጎ በብብታቸው ገብታ ልታነሣቸው ሞከረች። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው የመደቡን ጠርዝ ጨብጠው አልነቃነቅ አሉ። ሲታገሉ በሩ ተከፈተና መክብብ ገባ። ከላይ እስከ ታች ርሷል፣ ከኋላው ጉሙ ተከትሎት ገብቷል። ጊዜው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። እናቱና እህቱ ሲጎተቱ፣ ፊት ለፊታቸውም ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ አየ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? በጠፋ ቴሌቪዥን ልትሞቱ ነው?»

«መክብብ፣ ግድግዳው...»

«ግድግዳው ምን ይሁን! እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኔው አፈር አበላዋለሁ!»

ሁለት እጁን ከሥር ሰድዶ ወደ ላይ አነሣው፤ ከብረቱ ተፈታ። ጀርባውን ወደ ደረቱ አድርጎ አቀፈው፣ መስታወቱ ወደ ቤቱ ውስጥ ያያል። በሩ ጠባብ ስለሆነ የኋሊት መሄድ ጀመረ። ያን ጊዜ ለልጃቸው ልመና ያልተነሡት እናት ከመደቡ ተነሡ።

«የት ነው የምትወስደው?»

«ውጭ!»

«ልጄ፣ አባትህን የት ነው የምትወስደው?»

እጃቸውን ዘርግተው ተከተሉት። እሱ የኋሊት፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ ወደ ፊት፣ ትርንጎ ከኋላቸው ሆና ወገባቸውን ይዛ። መክብብ የመስታወቱን ፊት አያይም፤ እሱ የሚያየው ባዶውን ቤት ነው። ሁለቱ ሴቶች ግን በመስታወቱ ውስጥ አዩ። ደፉን ሲሻገሩ አቶ ወንድይፍራው አንገታቸውን መለሱ። ሚስታቸው መውጣታቸውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸውን ከግድግዳው አነሡ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ሥራ እንደጨረሰ ሰው መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

ግድግዳው ወደቀ። ትልቅ ድምፅ አልነበረውም አሉ፤ የደከመው ሰው ሲቀመጥ የሚያወጣው ትንፋሽ ያህል ነው። ጭቃውና ድንጋዩ መደቡን እስከ ጣሪያው ሞላው። ወዲያው ጎረቤት ሲሰበሰብ እኔም ደረስሁ። መክብብ ቴሌቪዥኑን እንዳቀፈ ግቢው መካከል ቆሞ ነበር። ተቀበሉት ብንለው አልለቅም አለ፤ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው። መስታወቱ ላይ የዝናብ ጠብታ እንጂ ጭረት አልነበረም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ከቤቱ ጀርባ ዞረን አየን። ቦዩ በአፈርና በቅጠል ተሞልቶ ውሃው መንገድ አጥቶ ነበር።

ወይዘሮ አሰለፈች ከዚያ በኋላ በትርንጎ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ኖሩ። ጥቅምት ደረሰ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ቴሌቪዥኑን እንክፈተው ተባሉ። «ከተበራ ይሄዳል» አሉና ከለከሉ። አልጋቸው አጠገብ መሬት ላይ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። ትርንጎ አንዳንዴ ትጠይቃለች።

«እማዬ፣ አለ?»

«ተዪው። ደክሞታል፣ ተኝቷል።»

በየካቲት ወር ሲሞቱ ሦስቱ ልጆች በአልጋቸው ዙሪያ ነበሩ። የመጨረሻ ቃላቸው ስለ ቦታው አልነበረም፣ ስለ ሌላ ዕቃም አልነበረም። «ቴሌቪዥኑ ላዳነኝ ልጄ ይሁን። ማን እንዳዳነኝ ታውቃላችሁ» አሉ። ሦስቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ሦስቱም ራሳቸውን አስበው ነበር።

ከአርባው በኋላ ነገሩ ወደ ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌዎቹ ቄስ አምኃ፣ ባሻ ዘውዴና እኔ ነበርን። ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው መካከላችን አቆሙት።

አበጋዝ እንዲህ አለ፦ «መክብብ በተራራው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነበር። እዚያ ቢሰቀል መደቡን አያሳይም፤ ማንም ምንም አያይም፤ ግድግዳው ሲወድቅ እናቴ ላይ አብሮ ይወድቅ ነበር። ያን ቀን ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ። ቦታውን የመረጥሁት እኔ ነኝ።»

ቄስ አምኃ ጠየቁት። «ድምፁ ደስ ካላለህ ለምን ከጀርባ ዞረህ አላየህም?»

«ሦስቱን ምት ከሰማሁ በኋላ ወደዚያ መዞር ፈራሁ» አለ አበጋዝ።

ትርንጎ እንዲህ አለች፦ «ሁለቱ ወንድሞቼ ሰቅለውት ሄዱ። አብሬያት የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ምን እንደሚይዝ፣ ለምን እንደሚይዝ ያወቅሁት እኔ ነኝ። መክብብንም የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ባልጠራው አይመጣም ነበር።»

ባሻ ዘውዴ ጠየቋት። «ሁለት ቀን ሙሉ እያየሽ ግድግዳውን ለምን አልነካሽውም? ለወንድምሽስ ያየሽውን ለምን አልነገርሽውም?»

«ቢያውቁ ያወርዱታል ብዬ» አለች ትርንጎ። «ትንሽ ልየው ብዬ ነው።»

መክብብ እንዲህ አለ፦ «እሱ ሰማ፣ እሷ አየች፤ እናቴ ግን መደቡ ላይ ነበረች። በእጁ ያወጣት ማን ነው? እኔ ባልደርስ ዛሬ የምንካሰሰው በሁለት መቃብር ላይ ነበር።»

እኔ ጠየቅሁት። «ስታወርደው ግድግዳው እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነበር የወሰድከው?»

«ልሰብረው» አለ።

ባሻ ዘውዴ ብልህ ሰው ነበሩ፤ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «ቢሰጣችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ጤነኛ ግድግዳ ሠርቼ እሰቅለዋለሁ» አለ አበጋዝ። «አባቴ ግድግዳ መያዝ በማያስፈልግበት ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ይቅርታም እጠይቀዋለሁ።»

«ፊቱ እቀመጣለሁ» አለች ትርንጎ። «ሌላ ምንም።»

«እከፍተዋለሁ» አለ መክብብ። እህቱ ጮኸችበት። እሱም «ስሚኝ» አላት። «አንቺና እማዬ አባታችንን አይታችሁታል። እኔ አንድም ቀን አላየሁትም፤ አቅፌው እንኳ ጀርባውን ነው የያዝኩት። ግን ሞቶ ሁለተኛ ሸክም ተሸከመ። አሁን ይበራና ይሂድ። ይረፍ።»

ወጡና እኛ ሽማግሌዎቹ ተመካከርን። ቄስ አምኃ «የትርንጎ ነው፤ ያላየ አያድንም» አሉ። ባሻ ዘውዴ «የመክብብ ነው፤ የሰው ልብ የእግዜር ነው፣ እኛ የምንፈርደው በእጁ ሥራ ነው» አሉ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ስለ አበጋዝ የተናገረ የለም ብዬ ተጨነቅሁ፤ ስለ አበጋዝ ብናገር ደግሞ ሦስት ቦታ ልንከፈል ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የተጻፈበት መጽሐፍም አላየሁም። «ላስብበት» አልሁ።

እስክንወስን በሽማግሌ እጅ ይቀመጥ ተባለ። የእኔ ቤት ቅርብ ስለሆነ እኔ ጋ መጣ። ከነብርድ ልብሱ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምሁት። ቄስ አምኃ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ባሻ ዘውዴም ተከተሏቸው። እኔ እያሰብሁ ነው። አንዳንድ ቀን ጉም ሲወርድና ቤቱ ሲጨልም ከብርድ ልብሱ በኩል ሦስት ጊዜ የሚመታ ይመስለኛል። አይጥ ነው እላለሁ። መነጽሬንም እጠርጋለሁ።

ስለ ልጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ ወሬ የሰማሁት ባለፈው ዓመት ግንቦት ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነው። ትርንጎ ደወለች። ሦስቱም ታርቀዋል፤ የሰኔ ሚካኤል ዕለት አብረው መጥተው የምለውን ይቀበላሉ። በሚሰጠው ፍርድ ላይ ቅሬታ አያሰሙም አለችኝ።

«አባባ ልሳኑ፣ አሁንም ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«ወደ የትኛው ግድግዳ?»

አሰብሁ። እውነት ለመናገር እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። የእኔም ቤት ዳገቱ ላይ ነው።

«ወደ ተራራው» አልኋት።

«አባባ፣ ከጀርባ ዞረው አይተውታል?» አለችኝ።

ስልኩን አስቀምጬ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ወገቤ ከታመመ ወዲህ ወደዚያ ከሄድሁ አራት ዓመት ይሆነኛል፤ ቦዩ በቅጠል ተደፍኖ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ተጠርጓል። ከዳር እስከ ዳር፣ ጠርዙ በአካፋ ተስተካክሎ፣ የወጣው አፈር በአንድ በኩል ተደልድሏል፤ የመንገድ ሠራተኞች እንደሚያደርጉት። አፈሩ እርጥብ ነበር። ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ሁሉም አልነካነውም አሉ።

ሰኔ ሚካኤል መጣ፣ ሄደ። ሦስቱም አልመጡም፤ ስልካቸውም አይመልስም። ከዚያ ዕለት ወዲህ የሰማሁት የለም። ቢመጡ ግን መልስ ሊጠብቁኝ ነው፤ እኔም አርጅቻለሁ። ስለዚህ ያነበባችሁ ሁሉ እየተከራከራችሁም ቢሆን ንገሩኝ። ሰምቶ ቦታውን የመረጠው አበጋዝ፣ አይታ የተረዳችው ትርንጎ፣ ሳያውቅ እናቱን ያወጣው መክብብ፣ ከሦስቱ ቴሌቪዥኑ የሚገባው ለማን ነው? ወይስ ቦዩን የጠረገው ሰው መጥቶ እስኪጠይቅ እኔው ጋ ይቆይ?